ስም የሚያስገኝ ፎቶግራፍ፦ የጓሮና የመስክ ነፍሳትን ስለ መለየት የተደረገ ዳሰሳ

በወሎ ጤፍ የሚዘራ ገበሬ ደገዛን ከሌላው ፌንጣ ለመለየት መጽሐፍ አያስፈልገውም። ክንፏ አጭር፣ አንቴናዋ ረጅም ነው፤ ጤፉ ፍሬ መያዝ ሲጀምር ትመጣለች፤ በከፋ ዓመትም ብዙ ታጠፋለች። ይህች አገሬው የሚያውቃት ተባይ በሳይንስ መዝገብ ስም ያገኘችው ግን በ1977 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ብሪታኒያዊው የነፍሳት ተመራማሪ ዴቪድ ራግ ናሙናዎቿን መርምሮ ዴክቲኮይደስ ብሬቪፔኒስ ሲላት፣ አዲስ ዝርያ ብቻ ሳትሆን አዲስ ወገንም (ጂነስ) ሆና ተመዘገበች።

ደገዛ ያን ያህል የዘገየችው ተደብቃ ስለኖረች አይደለም። አንድ ፍጥረት ሳይንሳዊ ስም የሚያገኘው ተይዞ፣ በመርፌ ተወግቶ፣ ደርቆ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ዕድሜውን በዚያ ቤተሰብ ጥናት ላይ ባሳለፈ ባለሙያ እጅ ሲገባ ነበርና ነው። ዛሬ ግን ጓሮውን የሚኮተኩተው ጡረተኛም፣ ተማሪውም፣ የግብርና ልማት ሠራተኛውም ካሜራ ያለው ስልክ ይዘው ይውላሉ። ያዩትን ያነሡና «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ዳሰሳ የሚከታተለው ያንን ጥያቄ ነው፦ ፎቶግራፍ እስከ ስም ድረስ ምን ያህል ያደርሳል? መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ሰው ከሚገምተው በላይ ያደርሳል፤ ግን አንሺው ስሙ በየትኛው የአካል ክፍል ላይ እንደሚወሰን ካወቀ ብቻ ነው። ካላወቀ፣ ምስሉ የቱንም ያህል ቢያምር «አንድ ቢራቢሮ» ከማለት አያልፍም።

ናሙናዎቹ የት እንዳሉ

በዓለም ላይ ስም የተሰጣቸው ነፍሳት 1 ሚሊዮን ያህል ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት ደግሞ በጠቅላላው 5.5 ሚሊዮን ያህል ዝርያ እንዳለ ያስባል። ይህ ከሆነ አብዛኞቹ ገና ስም የላቸውም ማለት ነው። ከባሕር ጠለል በታች ከሚገኘው ዳሎል እስከ 4,500 ሜትር በላይ ከፍ እስካለው ራስ ዳሽን በሚዘረጋ አገር፣ ያልተሰየመ ፍጥረት ሩቅ አይደለም። በሰሜንና በባሌ ውርጭ ላይ ክንፋቸውን የተዉ ጥንዚዛዎች አሉ። መብረር ስለማይችሉ ከተራራ ወደ ተራራ አይሻገሩም፤ በአንዱ ጫፍ የሚገኘው ዝርያ በሌላው ላይኖር ይችላል።

የኢትዮጵያ ነፍሳት ስም በአብዛኛው የተሰጠው በውጭ አገር ነው። ጣሊያናዊው ኦራዚዮ አንቲኖሪ በ1870ዎቹ መጨረሻ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በፈቀዱለት በአንኮበር አቅራቢያ በምትገኘው ልጥ ማረፊያ፣ የምርምር ጣቢያ አቋቁሞ ይሰበስብ ነበር፤ እዚያው በ1882 ሞተ። ከስብስቡ ብዙው ጄኖቫ ገባ። ብሪታኒያዊው ሂው ስኮት በ1926 እና በ1927 በደጋ ተራሮቻችን የለቀማቸው ነፍሳት ለንደን ናቸው። ማሯ በመድኃኒትነት የሚፈለገው፣ ከመሬት በታች የምትኖረውና የማትናደፈው ጣዝማ ሳትቀር በሳይንሳዊ ስሟ፣ ሜሊፖኑላ ቤካሪ፣ የጣሊያናዊውን ተጓዥ የኦዶአርዶ ቤካሪን መጠሪያ ተሸክማለች።

ይህን የማነሣው ለቁጭት አይደለም። አንድን ዝርያ በእርግጠኝነት ለመለየት የመጨረሻው ዳኛ ስሙ መጀመሪያ የተሰጠበት ናሙና ነው። ናሙናው ጄኖቫ ወይም ለንደን ከሆነ፣ አዲስ አበባ ያለ ተመራማሪ ወይ መሄድ ወይ መጠየቅ አለበት። በአራት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሙዚየም አለ፤ አምቦ ባለው የምርምር ማዕከልም የሰብል ተባዮች ሲጠኑ ኖረዋል፤ ከአገሩ ስፋት ጋር ሲታይ ግን ይህ ትንሽ ነው። ናሙና ወደ ውጭ ልላክ ቢባልም ሕግ አለ። ስለ ጀኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ፈቃድ ይጠይቃል፤ መጠየቁም ትክክል ነው። ፎቶግራፍ ግን ፍጥረቱን ቅጠሉ ላይ ትቶ፣ በዚያው ምሽት ናይሮቢም ጄኖቫም ያለ ባለሙያ ፊት ይደርሳል። ከሁሉ በላይ የሚያጓጓኝ ጥቅሙ ይህ ነው።

ለመልክና ለስም

ለመልክ የሚነሣና ለስም የሚነሣ ፎቶ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ለመልክ የሚያነሣ ሰው አንዱን ምርጥ ምስል ይፈልጋል። ለስም የሚያነሣው የሚያስፈልገው ግን ተራ ቢሆኑም እርስ በርስ የሚደጋገፉ በርካታ ምስሎች ናቸው። ከላይ የተነሣው የክንፉን ጥለት ያሳያል፤ ከጎን የተነሣው እግሮቹን፣ ደረቱንና ክንፉን እንዴት እንደሚያጥፍ፤ ከፊት የተነሣው ዓይኑንና አንቴናውን። ከሆድ በኩል ማንሣት ከተቻለ በተለይ ለጥንዚዛዎች ትልቅ እገዛ ነው። ቢራቢሮ ክንፏን ስትገጥም የምታሳየው የታችኛው ገጽ ከላይኛው የተለየ ጥለት ስላለው፣ ሁለቱንም መጠበቅ ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ምስል ይመጣል፤ እሱም ተክሉ ነው። አባጨጓሬዎችና ክሽክሾች ያገኙትን ሁሉ አይበሉም፤ ብዙዎቹ በተወሰኑ ዕፅዋት ላይ ብቻ ይኖራሉ። በሎሚ ወይም በብርቱካን ቅጠል ላይ የወፍ ኩስ የሚመስል ቡናማና ነጭ ትል ያየ ሰው፣ ተክሉ ምን እንደሆነ ከነገረን ብቻ ወደ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ መንገድ ጀምረናል። ያ ትል ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሲነኩት ከራሱ ኋላ ባለ ሁለት ቅርንጫፍ ቀንድ አውጥቶ መጥፎ ሽታ ይረጫል፤ በመጨረሻም በጥቁር ላይ ቢጫ የተዥጎረጎረ ትልቅ ቢራቢሮ ሆኖ ይወጣል። ትንሹን ትል፣ ትልቁን ትልና ቢራቢሮውን ለየብቻ ያየ ሰው ሦስት ፍጥረት ያየ ይመስለዋል። አንድ የሎሚ ዛፍ ያለው ሰው ግን ጓሮው ሆኖ ሙሉ ታሪኩን በየሁለት ሦስት ቀኑ ሊያነሣ ይችላል፤ እንዲህ ያለ ተከታታይ ምስል ከመቶ የተበታተነ ፎቶ ይበልጣል።

በስልክ ካሜራ ትልቁ ችግር መቅረብ ነው። ወደ ትንሽ ነገር በጣም ሲቀርቡ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ወደ ሚሊሜትር ይጠባል፤ ዓይኑ ጠርቶ ጅራቱ ይደበዝዛል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ስልኩን ከፍጥረቱ አካል ጋር ትይዩ መያዝ፤ ያኔ ከራስ እስከ ጅራት በአንድ ርቀት ላይ ይውላል። ሁለተኛ፣ ጥቂት ራቅ ብሎ አንስቶ በኋላ ምስሉን መቁረጥ። ስልክ ላይ የሚቆነጠጥ ማጉያ ሌንስም በቀላል ዋጋ ይገኛል፤ ከጤፍ ፍሬ ብዙም ለማይበልጥ ነገር እሱ ያስፈልጋል። መጠኑ እንዲታወቅ የክብሪት እንጨት ወይም ማስመሪያ አጠገቡ ማድረግ ይጠቅማል፤ ብዙ የተሳሳተ ስም የሚመጣው የሦስት ሚሊሜትር ጥንዚዛ በምስል ላይ የሦስት ሴንቲሜትር መስላ ስትታይ ነው።

ብርሃኑን በተመለከተ የቀትር ፀሐያችን ጠላት ናት። የሚያብረቀርቅ ጥንዚዛ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ትጥላለች፤ በጥላ ያለውን ደግሞ ታጠቁራለች። ደመና ካለ ጥሩ፤ ከሌለ አንድ ሰው ነጠላ በፀሐይና በተክሉ መካከል ቢዘረጋ ብርሃኑ ይለሰልሳል። በደጋ አገር ከሁሉ የሚሻለው ሰዓት ማለዳ ነው። የነፍሳት የሰውነት ሙቀት በአየሩ ስለሚወሰን፣ በደብረ ብርሃን ውርጭ ያደረ ፌንጣ ፀሐይ እስክታሞቀው ድረስ ከቦታው አይነቃነቅም። ረፋድ ላይ ያው ፌንጣ አያስቀርብም። ጥላ እንዳይጥሉበት ከፀሐይ በተቃራኒ ጎን በዝግታ መቅረብም የግድ ነው፤ የሚሸሹት ከሰው ይልቅ ከድንገተኛ ጥላና እንቅስቃሴ ነው።

አንዳንዶች ፍጥረቱ እንዳይበር ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተው ያደነዝዙትና ያነሡታል። እኔ አልደግፈውም። ፍጥረቱ ይጎዳል፤ ከዚያም በላይ አቀማመጡ የራሱ አይሆንም፤ ተክሉም ከምስሉ ይጠፋል። የእሳት እራቶችን ለማንሣት እንኳ ማሳደድ አያስፈልግም። በክረምት መግቢያና መውጫ፣ ነፋስ በሌለበት ምሽት፣ ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ አምፖል ማብራት በቂ ነው። የእሳት እራቶች ከቢራቢሮዎች በብዙ እጥፍ የሚበልጡ ዝርያዎች አሏቸው፤ የሚያነሣቸው ግን ጥቂት ሰው ነው። እዚያው አንሶላ ላይ ቀጭን፣ ብርቱካንማና ጥቁር ቀለም የተፈራረቀበት፣ ጉንዳን የሚመስል ትንሽ ጥንዚዛ ቢያርፍ ግን በእጅ አትጨፍልቁት፤ ከደሙ የሚወጣው መርዝ ቆዳን እንደ እሳት ያቃጥላል። አበባ ላይ በብዛት የሚታዩት ቀይና ጥቁር ባለ መስመር ጥንዚዛዎችም ቆዳ የሚያሳብጥ ፈሳሽ አላቸው። ማንሣት እንጂ መንካት አያስፈልግም።

ዓይን የት ይረፍ

ብዙ ሰው ቀለም ያያል። ቀለም ግን በጣም ከሚያሳስቱት ምልክቶች አንዱ ነው። በአበባ ላይ ቡናማና ቢጫ ቀለበት ያለው ፍጥረት ሲያንዣብብ «ንብ» የምንለው ብዙ ጊዜ ዝንብ ነው። ዝንቦች ሁለት ክንፍ ብቻ፣ ንቦች አራት ክንፍ እንዳላቸው በትምህርት ቤት ተምረናል፤ ነገር ግን ንብ የፊትና የኋላ ክንፏን አቆላልፋ ስለምትበር በፎቶ ላይ መቁጠር ያስቸግራል። የሚያዋጣው ፊቷን ማየት ነው። የዝንቡ ዓይን ራሱን ሊሸፍን ምንም አይቀረው፤ አንቴናውም አጭርና እምብዛም የማይታይ ነው። የንቧ አንቴና ረዘም ብሎ እንደ ክርን ይታጠፋል። ስለዚህ ከፊት ያልተነሣ ንብ፣ ንብ መሆኑ ራሱ አጠራጣሪ ሆኖ ይቀራል።

አንቴና ሌሎች ክርክሮችንም ይቆርጣል። ጫፉ ላይ የጎበጠ እብጠት ካለው ቢራቢሮ ነው፤ እንደ ክር ከቀጠነ ወይም እንደ ላባ ከተበተነ የእሳት እራት ነው፤ ቀን መብረሩ አያታልላችሁ። ከሰውነቷ የረዘመ አንቴና ያላት ፌንጣ ከደገዛ ዘመዶች ናት፤ የአንበጣና የዘመዶቹ አንቴና አጭር ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ከመሬት የሚፈሉት ክንፍ ያወጡ ምስጦችና ጉንዳኖች ደግሞ በወገብ ይለያሉ፤ ጉንዳን ወገቡ ቀጭን ነው፣ ምስጥ ወገብ የለውም፤ የምስጡ አራት ክንፎችም እኩል ናቸው።

ይህ መለየት ከመዝናናት በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በ2017 መጀመሪያ ከደቡብ ምዕራብ፣ ከሸካ ዞን፣ በበቆሎ ላይ እንግዳ ትል መታየቱ ተሰማ። ተምችን ገበሬው ከድሮ ያውቀዋል። የአፍሪካው ተምች፣ ስፖዶፕቴራ ኤግዜምፕታ፣ በመንጋ መጥቶ ሣርና እህል እየጋጠ ያልፋል። አዲሱ ግን በ2016 በአፍሪካ ምድር የተገኘው የአሜሪካ መጤ ተምች፣ ስፖዶፕቴራ ፍሩጂፔርዳ ነበር፤ እሱ በበቆሎው እምብርት ውስጥ ተደብቆ ይበላል፤ አልፎም አይሄድም። ሁለቱን ያላወቀ ሰው «ተምች ነው፣ ያልፋል» ብሎ ጊዜ ያጠፋል። ልዩነቱ ግን በአንድ ጥሩ ፎቶ ይታያል። በመጤው ተምች ግንባር ላይ የተገለበጠ የላቲን ዋይ ፊደል የሚመስል ፈዛዛ መስመር አለ፤ ከጅራቱ ጫፍ ቀደም ባለው የሆዱ ክፍል ላይ ደግሞ አራት ጥቁር ነጥቦች አራት ማዕዘን ሠርተው ይቀመጣሉ። ፎቶ አንሺው ትሉን ከጎን ብቻ ካነሣ ሁለቱም ምልክት ያመልጠዋል። ከራስና ከጅራት በላይ ሆኖ ካነሣ ግን ወረዳው በዚያው ቀን መልስ ሊሰጥ ይችላል። በአንድ የአካል ክፍል ላይ ስለሚወሰን ስም ስናገር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

የበረሃ አንበጣ ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። ብቻውን ሲኖር የማይጎዳ፣ ቀለሙም ከአካባቢው ጋር የሚመሳሰል ፍጥረት ነው፤ ሲበዛና ሲጠጋጋ ጠባዩም ቀለሙም ይለወጣል። ኩብኩባው ጥቁርና ቢጫ ይሆናል፤ ክንፍ ያወጣው ወጣት መንጋ ሮዝ፣ ለመራባት የደረሰው ቢጫ። ሰዎች ለረጅም ጊዜ ሁለት ዝርያ አድርገው ሲያስቡት የኖሩትን የአንበጣ ሁለት መልክ የአንበጣ ተመራማሪው ቦሪስ ኡቫሮቭ በ1921 አንድ መሆኑን አስረዳ። በ2019 እና በ2020 በ25 ዓመት ያልታየ መንጋ ኢትዮጵያን ሲመታ፣ የቀለሙ ልዩነት ለመከላከል ሥራ ዋና መረጃ ነበር። ሮዝ ከሆነ ገና ይጓዛል፤ ቢጫ ከሆነ እዚያው እንቁላል ሊጥል ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ከፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2020 ያወጣው የስልክ መተግበሪያ ማንኛውም ሰው ያየውን ከቦታውና ከፎቶው ጋር እንዲልክ አስችሏል። ምስልና ቦታ አንድ ላይ ሲሆኑ ምን ኃይል እንዳላቸው ያን ጊዜ ታየ።

ከቢራቢሮዎች አንድ ምሳሌ ብቻ ልጥቀስ። ዳናውስ ክሪሲፐስ በየመንገዱ ዳር የሚታይ፣ ብርቱካንማ መደብ ላይ የክንፉ ጫፍ ጥቁርና ነጭ የሆነ ቢራቢሮ ነው። ትሉ መርዛማ ተክል ስለሚበላ ወፎች አይደፍሩትም። የሌላው ቢራቢሮ፣ የሂፖሊምናስ ሚሲፐስ፣ ሴት እሱን መስላ ትኖራለች፤ ወንዱ ግን ጥቁር ሆኖ በወይን ጠጅ የተከበቡ ትልልቅ ነጭ ክቦች አሉት። ባልና ሚስቱን ያየ ሰው ዘመድ ናቸው አይልም። ሴቷን ከመሰለችው ለመለየት የኋላ ክንፍን ማየት ነው፤ ዳናውስ በኋላ ክንፉ መካከል ጥቂት ጥቁር ነጥቦች አሉት፣ ሴቷ ሚሲፐስ ከፊት ጠርዝ አጠገብ አንድ ነጥብ ብቻ አላት። በቆላ ወንዞች ዳር ከብት የሚያሰቃየው የገንዲ ዝንብም እንዲሁ በአንድ ነገር ይታወቃል፤ ሲያርፍ ሁለት ክንፎቹን አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ ያጥፋል፣ ብዙዎቹ ሌሎች ዝንቦች ግን ወደ ጎን ይከፍቷቸዋል።

ምስል የማይደርስበት

አሁን ወደ ድንበሩ እንምጣ፤ ድንበሩን ያላወቀ አንሺ ራሱንም ሌላውንም ያሳስታል። ጅማ አካባቢ የተገኘ አንድ የወባ ትንኝ ዘመድ በ2013 አኖፌለስ አምሃሪከስ ተብሎ ተሰየመ። በኢትዮጵያ ዋናዋ የወባ አስተላላፊ ከሆነችው ከአኖፌለስ አራቢየንሲስ በዓይን አይለይም፤ በአጉሊ መነጽርም አይለይም። የሚለየው በዘረ መል ምርመራ ብቻ ነው። አንዷ ወባ ታስተላልፋለች፤ ሌላዋ በአስተላላፊነት አትታወቅም። እዚህ ላይ የቱንም ያህል የጠራ ፎቶ ዋጋ የለውም።

የእስያዋ አኖፌለስ ስቴፈንሲ ግን ለየት ትላለች። በአፍሪካ ቀንድ መጀመሪያ በጅቡቲ በ2012፣ በኢትዮጵያ በቀብሪ ደሃር በ2016 ተገኘች፤ በ2022 በድሬዳዋ ከደረሰው የወባ ወረርሽኝ ጋርም ተያይዛለች። በከተማ ውኃ ማጠራቀሚያ፣ በበርሜልና በግንባታ ቦታ ገንዳ ትራባለች፤ ስለዚህ በበጋም ትኖራለች። ሰው በስልኩ ዝርያዋን መወሰን ባይችልም፣ በበጋ በበርሜል ውስጥ ከውኃው ገጽ ጋር ትይዩ ተኝተው ያሉ እጮችን አንስቶ ለጤና ባለሙያ መላክ ይችላል። ሌሎቹ ትንኞች እጮቻቸው ራሳቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው ይንጠለጠላሉ። ፎቶው ስም ባይሰጥም «ኑና እዩ» ለማለት ይበቃል፤ ይህንን ሚናውን ማቃለል አይገባም።

የማር ንባችን ራሷ ተመሳሳይ ትምህርት ትሰጣለች። አፒስ ሜሊፌራ መሆኗን ማንም ፎቶ ያሳያል። ከዚያ በታች ሲወረድ ግን አምሳሉ በዛብህና ባልደረቦቻቸው በ2004 በኢትዮጵያ አምስት ንዑስ ዝርያዎች እንዳሉ ጻፉ፤ በ2011 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች የኢትዮጵያ ንቦች አንድ የራሳቸው ንዑስ ዝርያ ናቸው ብለው በሰሜን ተራሮች ስም ሲመንሲስ አሏት። ሁለቱም የተመሠረቱት በብዙ ንቦች የክንፍ፣ የእግርና የሰውነት ልኬት ላይ ነው። ባለሙያ በሚሊሜትር ክፍልፋይ ለክቶ በሚከራከርበት ጉዳይ ፎቶ ዳኛ አይሆንም።

ባለሙያዎችም ቢሆኑ ስም ይቀያይራሉ። በ2003 በኬንያ የተገኘው፣ ከዚያ በአህጉሩ ተስፋፍቶ ማንጎና ዘይቱን የሚያበላሸው የፍራፍሬ ዝንብ በ2005 አዲስ ዝርያ ተብሎ ባክትሮሴራ ኢንቫደንስ ተባለ። በ2015 ግን አካሉ፣ ዘረ መሉና እርስ በርስ መጋባቱ ተመርምሮ ከእስያው ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ ጋር አንድ መሆኑ ተወሰነ። ለዚህ ነው ፎቶን ከነቦታውና ከነቀኑ ማስቀመጥ የሚያስፈልገው፤ ስሙ ቢለወጥም መረጃው አይወድቅም።

መተግበሪያዎቹ

በ2008 በካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ሆኖ የተጀመረው አይናቹራሊስት ዛሬ በዚህ ዘርፍ ዋናው ነው። ሰው ፎቶውን ይሰቅላል፤ ማሽኑ ከ2017 ወዲህ ስም ይጠቁማል፤ ሌሎች ሰዎች ያጸድቃሉ ወይም ያርማሉ። ከለዩት ሰዎች ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት በአንድ ዝርያ ከተስማሙ፣ ቀንና ቦታ ካለውም፣ ለምርምር የሚበቃ ተብሎ በ2001 ወደ ተቋቋመውና መቀመጫው ኮፐንሃገን ወደሆነው ዓለም አቀፍ የብዝኃ ሕይወት መረጃ ቋት ይገባል።

ይህ ሥርዓት በጣም ጥሩ ነው፤ ግን ለሁሉም አገር እኩል አይደለም። ማሽኑ የሚያውቀው ከዚህ በፊት በርከት ያለ የተረጋገጠ ፎቶ ያየውን ዝርያ ብቻ ነው። በቨርጂኒያ ጓሮው ቲማቲም የሚተክል ወገናችን ያነሣውን ጥንዚዛ ብዙ ጊዜ በትክክል ይሰይምለታል፤ እዚያ የተሰቀለው ምስል እጅግ ብዙ ነውና። ደብረ ማርቆስ ላይ የተነሣችውን ግን በቅርብ የምትመስላት የአውሮፓ ወይም የደቡብ አፍሪካ ዝርያ አድርጎ ሊሰይማት ይችላል፤ ሁለት ጀማሪዎች «አዎ» ካሉ ደግሞ ስህተቱ ማኅተም ያገኛል። ስለዚህ ማሽኑን እስከ ቤተሰብ፣ አንዳንዴም እስከ ወገን ድረስ ልመነው እላለሁ፤ የዝርያ ስም ሲያቀርብልኝ ግን ያ ዝርያ በምሥራቅ አፍሪካ ተመዝግቦ እንደሆነ ሳላይ አልቀበለውም። «እስከዚህ ድረስ አውቃለሁ» ብሎ በወገን ማቆም በዚህ ሥራ ትልቅ ሙያ ነው።

መዝገቡ

ለመረጃ ዋጋ የሚሰጡት ምስሉ፣ ቦታው፣ ቀኑና ተክሉ ናቸው። በእኛ አገር ሁለት ልዩ ወጥመዶች አሉ። አንዱ ቀን ነው። ማስታወሻ ላይ «መስከረም 5፣ ጠዋት 2 ሰዓት» ብሎ የጻፈ ሰው አቆጣጠሩን ካልገለጸ፣ ሌላው በአሥር ቀን፣ በሰባት ወይም በስምንት ዓመትና በስድስት ሰዓት ይሳሳታል። ሁለተኛው ቴሌግራም ነው። ፎቶ እንደ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል፤ ስልኩ በውስጡ የመዘገበው ቦታና ሰዓትም ይጠፋል። እንደ ፋይል ከተላከ ግን እንዳለ ይደርሳል። ይህች ትንሽ ልማድ ብቻ ብዙ መረጃ ታድናለች።

በገጠር ሲነሣ ደግሞ ማሳው ባለቤት አለው። ስልክ ዘርግቶ በሰው እርሻ ዳር የሚንበረከክ እንግዳ ያሰጋል፤ «ጤና ይስጥልኝ አባቴ፣ ከጤፉ ዳር ያለችውን ፌንጣ ላንሣ?» ብሎ መጀመር ነገሩን ሁሉ ያቀናል። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከፎቶው የሚበልጥ ነው። ባለ ማሳው የፍጥረቱን ያካባቢ ስም፣ በየትኛው ወር እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚበላ ይናገራል። ያን ዕውቀት ከፎቶው ጋር መጻፍና ከማን እንደተገኘ፣ ባለቤቱ ከፈቀደ፣ መግለጽ ይገባል፤ ከላይ የጠቀስኩት አዋጅ ለማኅበረሰብ ዕውቀት የሚሰጠው ጥበቃም በዚሁ መንፈስ ነው።

ነፍሳትን የሚያስለይ መጽሐፍ እጦት እንዳለብን እውነት ነው፤ አርአያ ግን አለን። በ1994 ራይንሃርድ ፊችትልና አድማሱ አዲ ስለ ኢትዮጵያ የንብ ቀሰም ዕፅዋት ያዘጋጁት መጽሐፍ ተክሉን በፎቶ፣ በሳይንሳዊ ስሙና በአገር ቤት ስሞቹ አንድ ገጽ ላይ ያስቀምጣል። ለነፍሳትም እንዲሁ ያለ መጽሐፍ ሊሠራ ይችላል፤ ከሰብል ተባዮችና ከእነሱ ጠላቶች ቢጀመር ወዲያው ይጠቅማል። ከዚያ በፊት ግን ምስሎቹ ያስፈልጋሉ፤ ከሁሉ ይልቅ የጎደሉንም የምሽት የእሳት እራቶች፣ የውርጭ ጥንዚዛዎችና ከእጭ እስከ ጎልማሳ የተከታተሉ የጓሮ ተከታታይ ፎቶዎች ናቸው።